የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ? በክላሲክ አርፒጂ ትዝታ ለተያዘ ሰው መምረጫ

የድሮ የኮምፒውተር አርፒጂ (የራስን ገጸ ባሕሪ እየገነቡ ታሪክ ውስጥ የሚጫወቱት ጌም) የሚወድ ሰው ዛሬ የሚጫወተው አላጣም። በ1998 የወጣው ባልደርስ ጌት አሁንም ይገኛል። ታድሶ የወጣ ቅጂም አለው። ወደ 25 ዓመት ገደማ ቆይቶ የመጣ ሦስተኛ ክፍልም አለው። በዚህ ላይ ስሙን ሳይዙ መንፈሱን የወረሱ ጌሞች ተጨምረዋል። የፎልአውትም፣ የቶርመንትም፣ የዌስትላንድም ነገር ተመሳሳይ ነው። እና የቱን እንክፈት? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በስም አትምረጡ። የናፈቃችሁ ነገር ምን እንደሆነ ለይታችሁ በእሱ ምረጡ። ስም የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ነው። ጽሑፉን፣ የውጊያውን ሕግና የውሳኔውን ክብደት የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በአንድ ስቱዲዮ አይቀመጡም። ብዙ ጊዜ የምትወዱት ነገር ቤቱን ቀይሮ፣ ሌላ ስም ይዞ ይጠብቃችኋል።

መጀመሪያ፣ የናፈቃችሁ የቱ ነው?

ትዝታ ሁሉንም ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው። ሙዚቃው፣ ከላይ ሆኖ የሚታየው እንደ ሥዕል የተዘጋጀ ካርታ፣ ከስክሪኑ ግርጌ በጽሑፍ የሚሞላው ሳጥን፣ ስድስት ሰው አሰልፎ መዞሩ። ጌሙ ሲከፈት ግን እነዚህ ነገሮች ይለያያሉ። አንዱ እንደ ድሮው ይጥማል፣ ሌላው ያደክማል።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ። ያን ጌም ለማያውቅ ጓደኛ ስታወሩ ቀድሞ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? የአንድ ጓድ ስም ነው? አንድ የማይረሳ ምልልስ ነው? "እንዲህም ማድረግ ይቻል ነበር እኮ" የሚል ነው? ወይስ ስንት ጊዜ ሞታችሁ ያለፋችሁት ውጊያ? መልሱ የሚቀጥለውን ጌም ይነግራችኋል።

ጓዶቹና ዓለሙ ከሆኑ

እዚህ ጋ ዋናው ጥያቄ ባልደርስ ጌት ነው። ረዘም አድርጌ ልሂድበት፤ ይገባዋልና።

ባዮዌር የተባለው ስቱዲዮ የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌሞች አንድ ታሪክ ናቸው። ካንድልኪፕ በተባለ ቦታ ያደገ ወላጅ አልባ ልጅ ከቤቱ ይወጣል፣ የማን ልጅ እንደሆነም ቀስ በቀስ ይደርስበታል። የመጀመሪያው ክፍል ሰፊ ሜዳ ነው። ብዙ ትዞራላችሁ፣ ጓዶቹ ግን ብዙም አያወሩም። የ2000ው ሁለተኛ ክፍል፣ ሻዶውስ ኦፍ አምን፣ ለእኔ እስካሁን ከሁሉም ይበልጣል። ጓዶቹ ይቀላለዳሉ፣ ይጣላሉ፣ የየራሳቸውን ጣጣ ይዘው ይመጣሉ። ሥራችሁ ካላማራቸው ጥለዋችሁ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ክፍል ያሳደጋችሁትን ገጸ ባሕሪ ራሱን ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። ያ ስሜት ዛሬም ብርቅ ነው።

ችግሩ የድሮው ሕግ ነው። ጌሞቹ የተሠሩት ጠረጴዛ ላይ በሚጫወቱት አርፒጂ፣ በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ሁለተኛ እትም ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የጦር ልብስ ቁጥር ሲቀንስ ነው የሚሻለው። የመምታት ችሎታ ቁጥርም እንዲሁ። ጀማሪ አስማተኛ በጣት የሚቆጠር ሕይወት ይዞ ይነሳል፤ መንገድ ላይ ያገኘው አንድ ተኩላ ይጨርሰዋል። ይህን የሚያብራራላችሁ ጌሙ ሳይሆን ማንዋሉ ነበር። ልጅነታችሁን በዚህ ያሳለፋችሁ ከሆነ እጃችሁ ያስታውሰዋል። አዲስ ለሆነ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከባድ ናቸው።

ወደ ድሮው መመለስ ከፈለጋችሁ ቢምዶግ የተባለው ስቱዲዮ ያደሳቸውን ቅጂዎች ምረጡ። የመጀመሪያው በ2012፣ ሁለተኛው በ2013 ወጥቷል። በዛሬ ስክሪን ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ማቅረብና ማራቅ ይቻላል፣ ታሪኩን ብቻ ለሚፈልግም ቀላል ደረጃ አላቸው። የተጨመሩት አዳዲስ ጓዶች ከድሮዎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አይዋሃዱም፤ በአጻጻፋቸው ይለያሉ። ካልፈለጋችሁ አለመውሰድ ነው።

ሦስተኛው ክፍልስ? ላሪያን የተባለው ስቱዲዮ በኦገስት 2023 ያወጣው ባልደርስ ጌት 3 በጣም ትልቅ ጌም ነው፤ ያን ዓመት የሽልማቱን መድረክ የጠቀለለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪኩ ከድሮዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። የድሮዎቹ ጓዶች ሚንስክና ጃሂራ ይመለሳሉ፣ የድሮ ተጫዋች ስማቸውን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። ነገር ግን ውጊያው ተራ እየጠበቁ የሚደረግ ነው፣ ሕጉ አምስተኛው እትም ነው፣ ቡድኑም አራት ሰው ነው። እንደ ባልደርስ ጌት 2 ተከታይ ከምትጠብቁት ይልቅ የላሪያን የራሱ ዲቪኒቲ ኦሪጅናል ሲን ታላቅ ወንድም አድርጋችሁ ብታዩት ደስታችሁ ሙሉ ይሆናል። በርሜል ወርውሮ፣ ዘይት አፍስሶ፣ እሳት ለኩሶ መዋጋት የላሪያን ጠባይ ነው። ጓዶቹ ግን፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ ከድሮዎቹ አያንሱም። ፊታቸው ይታያል፣ ድምፃቸው ይሰማል፣ ያደረጋችሁትንም አይረሱም።

ሦስተኛውን ለመጫወት ቀዳሚዎቹን ማወቅ ግዴታ አይደለም። ሦስቱንም ለመጫወት ካሰባችሁ ግን በድሮዎቹ ጀምሩ። ከሦስተኛው ወደ አንደኛው መውረድ ከባድ ነው።

አሁን የጎደለውን እንይ። ስድስት ሰው፣ በቀጥታ የሚሄድና ስፔስ ባር ሲነካ ቀጥ የሚል ውጊያ፣ ከላይ የሚታይ በሥዕል የተሠራ ካርታ። የናፈቃችሁ ይህ ከሆነ ባልደርስ ጌት 3 አይሰጣችሁም። የሚሰጣችሁ ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ ነው። ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ በ2012 ከሕዝብ መዋጮ በሚሰበሰብበት ኪክስታርተር በተባለ ድረ ገጽ ላይ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ አገኘ፤ ጌሙም በማርች 2015 ወጣ። ገንዘቡን ያዋጡት እንደ እናንተ የናፈቃቸው ሰዎች ናቸው። ጌሙ ሲጀምር ብዙ የስምና የታሪክ ሸክም ይጭናል፣ ይህ እውነተኛ ድክመቱ ነው። አንድ ምክር ልስጥ። በወርቃማ ቀለም የተጻፈ ስም ያላቸው ሰዎች በየመንገዱ ታገኛላችሁ። እነሱን እለፏቸው። ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው፣ ከታሪኩ ጋር አይገናኙም። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያው ከተማ ይሰለቻል።

ሁለተኛው ክፍል፣ የ2018ቱ ዴድፋየር፣ በባሕርና በደሴቶች መካከል ነው። በ2019 በተራ የሚደረግ ውጊያም ተጨምሮለታል። በአሠራር ከመጀመሪያው ይሻላል፤ በታሪክ ግን የመጀመሪያው ይበልጥ ይነካል።

ገጸ ባሕሪ መገንባት ራሱ ደስ የሚላችሁ ከሆነ፣ ማለትም ሌቭል በጨመረ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ የምታስቡ ከሆነ፣ ኦውልካት ወደተባለው ስቱዲዮ ጌሞች ሂዱ። የ2021ዱ ፓዝፋይንደር፦ ራዝ ኦፍ ዘ ራይቸስ ከመቶ ሰዓት በላይ ይወስዳል። መልአክ፣ ጋኔን ወይም ሊች (ሞትን ያሸነፈ አስማተኛ) የመሆን መንገድ ይከፍታል፣ እያንዳንዱም ታሪኩን በእርግጥ ያጣምመዋል። በቀጥታና በተራ መዋጋትን በአንድ ቁልፍ ያቀያይራል። የክብደት ደረጃውን ዝቅ ማድረግ አያሳፍርም፤ መደበኛው ደረጃ ራሱ ለለመደ ሰው የተሠራ ነው።

ጽሑፉ ከሆነ

የ1999ኙ ፕሌንስኬፕ ቶርመንት የሚወደደው በውጊያው አይደለም። ውጊያው ያኔም ደካማ ነበር። የሚወደደው ሬሳ ቤት ውስጥ የሚነቃው፣ መሞት የማይችለው፣ ስሙን የማያውቀው ሰውዬ የራሱን ያለፉ ሕይወቶች በደል እያሳደደ በመሄዱ ነው። ወደ 800,000 ቃል ገደማ ጽሑፍ አለው። አብዛኛውን ችግር በንግግር መፍታት ይቻላል። ጥበብና የማሰብ ችሎታን ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። በጉልበት የጀመረ ሰው የጌሙን ግማሽ ሳያይ ይወጣል።

እዚህ ምርጫው ግልጽ ነው። የ2017ቱ የታደሰ ቅጂ ዛሬም ይነበባል፤ ጽሑፍ እንደ ግራፊክስ ቶሎ አያረጅም። በዚያው ዓመት ኢንኤግዛይል የተባለው ስቱዲዮ ያወጣው ቶርመንት፦ ታይድስ ኦፍ ኑሜኔራ ስሙን ይዟል፣ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይም በኪክስታርተር ተሰብስቦለታል። መጥፎ ጌም አይደለም። እንግዳ ሐሳቦች ሞልተውታል። የሚጎድለው ያ ግላዊ ሕመም ነው። ሁሉም ነገር አስገራሚ ሲሆን ምኑም አይከብድም።

እውነተኛው ወራሽ የ2019ኙ ዲስኮ ኢሊዚየም ነው። ትዝታው የጠፋበት መርማሪ ፖሊስ የፈራረሰች ከተማ ውስጥ ይነቃል። 24 ችሎታዎቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ይዋሹታል። የተለመደ ውጊያ የሚባል የለውም። የቶርመንት ሰዎች ለማድረግ የፈለጉትን ነገር እስከ ጥግ የወሰደ ጌም ነው፤ ቶርመንት ራሱ ለውጊያ ሲል ያባከነውን ሰዓት ይህኛው አላባከነም። ፖለቲካና የሰው ውድቀት የሚከብዳችሁ ከሆነ አስቡበት። ካልሆነ ግን ዛሬ ማታ ጀምሩት። የ2021ዱ ፋይናል ከት ቅጂ ሙሉ በሙሉ በድምፅ የሚተረክ ነው።

ውሳኔና መዘዙ ከሆነ

ፎልአውት ራሱ ስሙን የተከለከለ ወራሽ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ኢንተርፕሌይ የተባለው ኩባንያ በ1988 ዌስትላንድን ሠርቶ ነበር። ተከታይ ሊሠራለት ሲፈልግ የስሙ መብት በአሳታሚው በኤሌክትሮኒክ አርትስ እጅ ነበር። ስለዚህ ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ ያለ ሌላ ዓለም ፈጠረ፤ ያ ነው በ1997 ፎልአውት ተብሎ የወጣው። በስም አትምረጡ ያልኩበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ፎልአውት አጭር ነው፣ ይህም ጥቅሙ ነው። ለመጠለያችሁ የውኃ ቺፕ ፈልጋችሁ እንድታመጡ 150 ቀን ይሰጣችኋል። የማሰብ ችሎታውን ዝቅ ያደረገ ገጸ ባሕሪ በደንብ መናገር እንኳ አይችልም፣ ዓለሙም እንደዚያው ያስተናግደዋል። የመጨረሻውን ጠላት ያለ ጥይት፣ በማስረጃና በንግግር መርታት ይቻላል። ዛሬ ለመክፈት ከሁሉም ክላሲኮች ቀላሉ ይህ ይመስለኛል። የ1998ቱ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው በብዙ ይሰፋል፤ ግን ቀልዱ ይበዛል፣ አጀማመሩም ዘገምተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። ቤተዝዳ የተባለው ኩባንያ በ2008 ያወጣው ፎልአውት 3 በራሳችሁ ዓይን እያያችሁ የምትዞሩበት የፍለጋ ጌም ነው። መዞር ለሚወድ ጥሩ ነው። የድሮው ክብደት የናፈቀው ግን የ2010ሩን ፎልአውት ኒው ቬጋስ ይያዝ። የሠራው ኦብሲዲያን ነው፤ ፎልአውት 2ን ከሠራው ከድሮው ብላክ አይል ስቱዲዮ የመጡ ሰዎች እጅ አለበት፣ ታሪኩም ከሁለቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ጋር ይያያዛል። ማንን መደገፍ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ የለም። ተኩሱ አርጅቷል፣ ምርጫው አላረጀም።

በተራ የሚደረገው ውጊያና ከላይ የሚታየው ካርታ ከናፈቋችሁ ደግሞ ዌስትላንድ አለ። ስሙ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ኢንተርፕሌይ መሥራች ወደ ብራያን ፋርጎ ተመለሰ። እሱ ያቋቋመው ኢንኤግዛይል በ2014 ሁለተኛውን፣ በ2020 ሦስተኛውን ክፍል አወጣ። በቀጥታ ሦስተኛውን ጀምሩ። ሁለተኛው ረጅምና ሸካራ ነው፤ ሦስተኛው በበረዶ የተሸፈነ ኮሎራዶ ውስጥ ሆኖ፣ ከባድ ውሳኔዎችን ቶሎ ቶሎ ያቀርባል።

ሌሎቹን በአጭሩ

የ1992ቱን አልቲማ 7 የሚወድ ሰው የናፈቀው ሕያው ዓለሙ ነው። ሰዎቹ ቀን ይሠራሉ፣ ማታ ይተኛሉ። ዱቄት አቡክቶ ዳቦ መጋገር ይቻላል። ይህን መንፈስ የወሰደው ላሪያን ነው፣ የኩባንያው መሪ ስቬን ቪንከም ይህን ጌም እንደ መነሻው ይጠቅሳል። የ2017ቱን ዲቪኒቲ ኦሪጅናል ሲን 2 ሞክሩ፣ ከተቻለ ከጓደኛ ጋር።

የ2002ቱ ሞሮዊንድ ተልዕኮ ሲሰጥ ቀስት አያሳይም። "ከድልድዩ ወደ ሰሜን ሄደህ ዛፉ ጋ ታጠፍ" ይላችኋል፣ ትጠፋላችሁ፣ በመጥፋታችሁም ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ለዚህ ምትክ የለውም፤ በኋላ የመጣው የዚያው ተከታታይ ጌም ስካይሪም እንኳ አይሆንም። ኦፕንኤምደብሊው በተባለው፣ ተጫዋቾች በሠሩት ሞተር ላይ ክፈቱት።

ቫምፓየር ብለድላይንስን በተመለከተ የ2004ቱን ያዙ፣ ተጫዋቾች የሠሩትን ፓች (ስህተት ማረሚያ) አብራችሁ ጫኑ። ዊዛርድሪን ለሚያስታውሱ ደግሞ ዲጂታል ኢክሊፕስ በ2024 ያጠናቀቀው እድሳት አለ። አዲሱን ግራፊክስ እያያችሁ በጥግ በኩል የ1981ዱ የአፕል 2 ስክሪን አብሮ ይሄዳል። እድሳት ማለት እንዲህ ነው፤ የድሮውን ሳይደብቁ አዲሱን ማሳየት።

የድሮውን ለመክፈት የወሰነ ሰው

ማንዋሉን አንብቡ። ከ2008 ጀምሮ የድሮ ጌሞችን የሚሸጠው ጎግ ብዙውን ጊዜ ማንዋሉን አብሮ ይሰጣል። ለዛሬ ኮምፒውተር እንዲሆኑም አስተካክሎ ነው የሚያቀርባቸው። ሴቭ ማድረግን ልማድ አድርጉ፤ በተለያየ ስም። ጌሙ በራሱ ያስቀምጥልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። በመጀመሪያው ዙር ሞድ (ተጫዋቾች የሚሠሩት ጭማሪ) አታብዙ፣ ስህተት የሚያስተካክሉትን ብቻ ጫኑ።

ሁሉም አይታደስም። አይስዊንድ ዴል 2 የታደሰ ቅጂ ያልወጣለት የመጀመሪያው ኮዱ ሊገኝ ባለመቻሉ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። የሰዎች የስንት ዓመት ድካም እንደዚህ መጥፋት አልነበረበትም።

ከሚመጡት ምን እንጠብቅ?

ተከታይ ሲታወጅ ሦስት ነገር አያለሁ። መጀመሪያ ጸሐፊዎቹ እነማን ናቸው? ሁለተኛ ጌሙ በልማት ላይ እያለ ለተጫዋች ይከፈታል ወይ? ባልደርስ ጌት 3 ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሦስት ዓመት ሊሞላ እስኪል ድረስ በተጫዋቾች እየተፈተነ ነው የተሠራው። ሦስተኛ ያለፈውን ታሪካችሁን ያከብራል ወይ? የ2024ቱ ድራጎን ኤጅ ቬይልጋርድ እዚህ ላይ ነው ልቤን የሰበረው። ከቀደሙት ጌሞች የሚቀበለው ሦስት ውሳኔ ብቻ ነው። በተከታታዩ የመጀመሪያ ጌም፣ በ2009ኙ ኦሪጅንስ፣ ሦስት ጓድ ይዘን እያንዳንዳቸውን እናዝ ነበር፤ አሁን ሁለት ናቸው፣ እነሱንም በቀጥታ መቆጣጠር አይቻልም።

ብለድላይንስ 2ም ትምህርት ይሰጣል። በ2019 ታወጀ። በ2021 ሲሠራው የነበረው ስቱዲዮ ከሥራው እንዲነሳ ተደረገ። በኦክቶበር 2025 በሌላ ስቱዲዮ እጅ ሲወጣ ከድሮው አርፒጂ ይልቅ ወደ አክሽን ያደላ ሌላ ጌም ሆኖ ነበር። በማስታወቂያ ቪዲዮ ተማምኖ አስቀድሞ መክፈልን አልመክርም።

የባልደርስ ጌት 4 ነገር ለብቻው ይታይ። ስቬን ቪንከ በማርች 2024 ላሪያን እንደማይሠራው በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ ከመጣ ከሌላ እጅ ነው የሚመጣው። ያኔ ስሙን ሳይሆን የስቱዲዮውን የቀድሞ ሥራ ተመልከቱ። ለእኔ ኦውልካት ቢያገኘው ደስ ባለኝ።

ትልቁ ተስፋዬ ግን ፎልአውት ላይ ነው። ማይክሮሶፍት በ2018 ኦብሲዲያንንና ኢንኤግዛይልን፣ በ2021 ደግሞ የቤተዝዳን ባለቤት ገዝቷል። የፎልአውት ስም፣ ኒው ቬጋስን የሠራው ስቱዲዮና ዌስትላንድ 3ን የሠራው ስቱዲዮ ዛሬ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። የመብት ጉዳይ እንቅፋት መሆኑ ቀርቷል። የምፈልገውም ግዙፍ ጌም አይደለም። ከላይ የሚታይ፣ በተራ የሚዋጋ፣ 30 ሰዓት የሚወስድ ይሁን። ሞኝ ገጸ ባሕሪ ስሠራ እንደ ሞኝ ያናግረኝ። የተሳሳተ ውሳኔ ስወስን ቀስት አውጥቶ አይመልሰኝ፣ እስከ መጨረሻው ይዞኝ ይሂድ።